ቦምብ ለያዘችው ሴት መጨነቄ ጥፋት ነው?

ጥያቄው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰሞኑን ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝን ‹የአልጀርስ ጦርነት› የሚባል የድሮ ፊልም ከእህቴ ጋር አየን። ቦምብ በቅርጫት ይዘው የሚሄዱት ሴቶች ኬላ ላይ ሲደርሱ እንዳይያዙ ልቤ ተሰቀለ። እህቴ ‹አሸባሪ ነው እንዴ የምትደግፈው?› ብላ ጮኸችብኝ። በእኛ ብሎክ ከቂርቆስ የመጡ ጎረቤቶች አሉ። በ2007 ሊቢያ ላይ ከተገደሉት ልጆች መካከል የሚያውቋቸው ነበሩ። በማግስቱ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ለመሆኑ ፊልም ስለ ሽብርና ስለ ግፍ ያለንን አመለካከት በእውነት ይቀይራል ወይስ ይሸውደናል? መጨነቄስ ጥፋት ነው? ፊልሙን በኮሚናላችን ለሰፈሩ ወጣቶች ባሳየውስ ምን ይመስልዎታል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ሴቶቹ እንዳይያዙ የተጨነቅከው ክፉ ልብ ስላለህ አይደለም። ፊልሙ እንድትጨነቅ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ፤ ኤዲቲንግ አስተምራለሁም። ካሜራ አንድን ሰው ከኋላ ከኋላ ከተከተለ፣ ያ ሰው ሌባም ይሁን ጻድቅ፣ ተመልካቹ እንዳይያዝበት ይሰጋል። የሙያችን ሀሁ ይህ ነው። ስለዚህ የተሰማህ ነገር ገና አመለካከት አልሆነም። መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው። ፊልሙ ልብህን ከሰቀለ በኋላ ወዴት ወሰደው?

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። «የአልጀርስ ጦርነት»ን ያዘጋጀው ጣሊያናዊው ጂሎ ፖንቴኮርቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቶ በዚያው ዓመት የቬኒስ ፌስቲቫልን ወርቃማ አንበሳ ወሰደ። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ለመውጣት ስትታገል፣ ከ1954 እስከ 1957 በዋና ከተማዋ የሆነውን ይተርካል። በአንድ ወገን የነጻነት ግንባሩ አለ። ካዝባህ በሚባለው፣ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ በሆነ ሰፈር ተደብቆ ፖሊሶችን ይገድላል፤ ቦምብ ያፈነዳል። በሌላ ወገን የፈረንሳይ ፓራሹት ወታደር አለ። ሰፈሩን ያጥራል፣ ያፍሳል፣ ይገርፋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሲያዩት የዜና ፊልም ይመስላል፤ ግን አንዲት የዜና ቅንጭብ እንኳ የለበትም። ሁሉም በትወና የተቀረጸ ነው። የወታደሮቹን አዛዥ ኮሎኔል ከሚጫወተው ሰው በቀር ዋና ዋናዎቹ ተዋንያን ሙያተኞች አልነበሩም።

አሁን አንተን ወዳስጨነቀህ ቦታ እንሂድ። ከሱ በፊት ምን እንደመጣ አስታውስ። ሌሊት ነው። መኪና ቀስ ብላ ወደ ካዝባህ ትገባለች። ውስጧ ያሉት ሰዎች፣ የፖሊስ አለቃም አብሯቸው ነው፣ ሕዝብ በተኛበት ቤት ሥር ቦምብ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሲነጋ ከፍርስራሹ ውስጥ የሕፃናት ሬሳ ይወጣል። ይህ በታሪክም የሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1956። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ ሴቶች መስታወት ፊት የሚቀመጡት። መሸፈኛቸውን ያወልቃሉ። ፀጉር ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ሊፕስቲክ ይነካል። ወሬ የለም ማለት ይቻላል፤ ከበሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ከበሮው ልብህን ይይዘውና ኬላው ድረስ ይዞህ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በል። ፊልሙ ሴቶቹ ቦምቡን ከሚያስቀምጡበት ካፌ ቢጀምር ኖሮ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። እኛ ኤዲተሮች አንድም ነገር ሳንዋሽ፣ የቱን አስቀድመን የቱን እንደምናስከትል በመምረጥ ብቻ የሰውን ፍርድ መቀየር እንችላለን። የምትፈራው የፊልም ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መፍራትህም ተገቢ ነው።

ይሁንና የፖንቴኮርቮ ፊልም እዚያ ላይ አላቆመም። አንዷ ሴት ካፌ ትገባለች። ቅርጫቱን እግሯ ሥር ታደርጋለች። ተራ ፊልም ቢሆን ወዲያው አስወጥቶ ፍንዳታውን ያሳይ ነበር። ይህ ግን አያስወጣትም። ካሜራው የሷ ዓይን ይሆንና በካፌው ውስጥ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ያያቸዋል። የሚጠጣ አለ፤ የሚስቅ አለ። አንድ ትንሽ ልጅ አይስክሬም ይበላል። በሌላኛው ካፌ ወጣቶች ይደንሳሉ። መሞታቸው ነው፤ እነሱ አያውቁም፣ አንተ ታውቃለህ፣ እሷም ታውቃለች። ኬላው ላይ ለሷ የተሰቀለው ልብህ እዚህ ሲደርስ ልጁ ላይ ይወድቃል።

ይህን ፊልም አንድ ጊዜ ጀሞ ውስጥ በአንድ ኮሚናል አሳይቼው ነበር። ሴቶቹ ኬላውን ሲያልፉ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች አጨበጨቡ። ፉጨትም ነበር። አይስክሬም የሚበላው ልጅ ሲመጣ ግን ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኧረ ልጁን! ልጁን አውጡልኝ!» አሉ። ቅድም ያጨበጨቡት ልጆች አቀርቅረው ነበር። ማንም ሰው ሽብር መጥፎ ነው ብሎ አልሰበከላቸውም። ንግግር ባደርግላቸው አንዱ ተነሥቶ ይከራከረኝ ነበር፤ በፖለቲካ ክርክር የሰፈራችንን ልጆች የሚያክላቸው የለም። ከዚያ ሕፃን ጋር ግን ምን ብለው ይከራከራሉ?

ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ደግሞ ጆሮህን ስጠው። ከካዝባህ ፍርስራሽ የሕፃናቱ ሬሳ ሲወጣ የነበረው ሙዚቃ፣ ከካፌው የፈረንሳዮቹ ሬሳ ሲወጣም ይመጣል። ሙዚቃውን ከፖንቴኮርቮ ጋር የሠራው ኤንዮ ሞሪኮኔ ነው። ሁለቱን ሐዘን በአንድ ዜማ ነው ያለቀሱት። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። እኔ ይህን ፊልም የምወደውም ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በእኔ እምነት ፊልም አመለካከት የሚቀይረው በክርክር አይደለም። ላለማየት የወሰንከውን ፊት እንድታይ በማድረግ ነው። ሽብርን የሚያደርግም፣ ግፍን የሚያደርግም፣ መጀመሪያ የተጎጂውን ፊት ከዓይኑ ያርቃል። «ፈረንሳዮች»፣ «አረቦች»፣ «እነሱ» ይላል። ፊልም ያንን ፊት ሊመልሰው ይችላል። ሊሸፍነውም ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም የሽብር ፊልም ስታይ ይህን ጠይቅ፦ የሚጎዱትን ሰዎች ከመጎዳታቸው በፊት አሳየኝ ወይ?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ጎረቤቶችህ እንምጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው የአይሲስ ቪዲዮም በባለሙያ የተሠራ ፊልም ነበር። ካሜራው አንድ አይደለም፣ ቅንብር አለው፣ ድምፅ ተመርጦለታል። ወንድሞቻችንን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ በሰልፍ ነዳቸው። ስም የላቸውም። ከየት መጡ፣ ምን ይወዱ ነበር፣ ለማን ብር ሊልኩ ነው የወጡት፣ ምንም የለም። ገዳዮቹም ፊታቸውን ሸፍነዋል። ያ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ፊት የመንጠቅ ሥራ ነው። ለማንም አላሳየውም፤ ለተማሪዎቼም ቢሆን።

ቂርቆስ በዚያ ሳምንት ምን እንዳደረገች አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውስ ይሆናል። ድንኳን ተተከለ። የልጆቹ ፎቶ ወጣ፤ ፈገግ ያሉበት፣ ዘንጠው የተነሱበት። እናቶች በስማቸው እየጠሩ አለቀሱ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ መስቀል አደባባይም በሕዝብ ተሞላ። ገዳዮቹ የነጠቁትን ፊት ሰፈሩ መለሰላቸው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ደረጃው ላይ አንገትህን መድፋት የለብህም የምልህ። አንተ ያየኸው ፊልም ያን ቪዲዮ አይመስልም። ተቃራኒው ነው። አንተም ፊልሙን አይተህ ያ ሕፃን አሳዝኖህ ከሆነ ከጎረቤቶችህ ጋር ነህ። ፊልሙን ግን አታንሳባቸው። በቁስል እንጨት መስደድ ይሆናል። እነሱ ስለ ልጆቹ ሊያወሩህ ከፈለጉ ቁጭ ብለህ ስማቸው፤ ይበቃል።

አሁን ደግሞ ለእህትህ ልፍረድላት፤ ያለ ምክንያት አልጮኸችም። ፊልሙ የማያሳየው ነገር አለ። ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ያሴፍ ሳዲ ነው። እሱ በዚያ ዘመን የግንባሩ የአልጀርስ ወታደራዊ አዛዥ የነበረ ሰው ነው። እስር ቤት ሆኖ ትዝታውን ጻፈ፤ ፊልሙ ከዚያ ተነሣ፤ የሱ ኩባንያ ገንዘብ አወጣ፤ እሱም ራሱ ጃፋር የሚባለውን አዛዥ ሆኖ ተጫወተ። ቦምቡን ያዘዘው ሰው ነው ቦምቡን የሚያዘውን ገጸ ባሕርይ የተወነው። እንዲህ ያለ ፊልም ስለ ግንባሩ ሁሉንም እንዲነግርህ አትጠብቅ። ግንባሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ሜሉዛ በሚባል መንደር የሌላ ቡድን ደጋፊ ናችሁ ብሎ ወደ 300 የሚጠጉ አልጄሪያውያንን ፈጅቷል። ፊልሙ ውስጥ ይህ የለም። እርግጥ ታሪኩ የአልጀርስ ከተማ ነው፤ ቢሆንም መታወቅ አለበት።

አንድ ቦታ ደግሞ አለ፤ እህትህን ይበልጥ ያናደዳት እሱ ይመስለኛል። የተያዘውን የግንባሩን መሪ ጋዜጠኞች ይጠይቁታል። በሴቶች ቅርጫት ቦምብ እየላካችሁ ንጹሐንን መግደል አያሳፍርም ወይ ይሉታል። እሱም እናንተ በአውሮፕላን መንደር ታቃጥሉ የለ፣ አውሮፕላኖቻችሁን ስጡን፣ ቅርጫቶቻችንን እንሰጣችኋለን ብሎ ይመልሳል። አፍ የሚያስይዝ መልስ ነው። የፈረንሳይን ግብዝነት ገላልጦ ያሳያል። ለካፌው ሕፃን ግን መልስ አይሆንም። መንደር ናፓልም በሚባል የእሳት ቦምብ ያቃጠለው ያ ሕፃን አይደለም። እኔ በዚህ ላይ አልወላውልም፤ ፊልሙም ልጁን አሳይቶ ፍርዱን ለኛ ተወው እንጂ ያድበሰበሰው አይመስለኝም።

ግፉንስ? ፊልሙ ግፍንም የሚያሳየው በጭራቅ በኩል አይደለም። ኮሎኔሉ ጨዋ፣ የተማረ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። ናዚን የተዋጋ አርበኛ ነው። ጋዜጠኞች ስለ ግርፋት ሲያስጨንቁት ጥያቄውን ወደ እነሱ ይመልሰዋል። ፈረንሳይ አልጄሪያ ውስጥ ትቆይ ወይስ ትውጣ? ትቆይ ካላችሁ መዘዙን ተቀበሉ ይላቸዋል። ከዚያ ንግግር የለም። ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ እሳት፣ የተዘቀዘቀ ሰው፤ በላዩ የኦርጋን ሙዚቃ። ጨዋው ሰው በጨዋ ቋንቋ ያስረዳን ነገር ሥጋ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳየናል። ፈረንሳዮች በዚህ መንገድ በ1957 አልጀርስን አሸነፉ። በ1962 ግን አልጄሪያን ለቀው ወጡ። ፊልሙ ለዓመታት ፈረንሳይ ውስጥ አልታየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ኢራቅ ውስጥ ነገር ሲበላሽባቸው፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፔንታጎን ውስጥ ለመኮንኖች አሳየው። የታገለውም እሱን የተዋጋውም ፊልሙን ትምህርት ሊወስድበት አይቶታል።

ስለ ግፍ ይበልጥ ማሰብ ከፈለግክ ከእህትህ ጋር «በአብ ስም»ን እዩ። ስትፈልገው ኢን ዘ ኔም ኦፍ ዘ ፋዘር ብለህ ነው የምታገኘው። የጂም ሸሪዳን ሥራ ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እሷ የምትቀበለው ፊልም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚነሣው ከሽብር ሰለባዎች ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1974 የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር እንግሊዝ ውስጥ ጊልድፎርድ በምትባል ከተማ መጠጥ ቤቶች ላይ ቦምብ አፈነዳ። አምስት ሰው ሞተ። በኖቬምበር ወር በርሚንግሃም ላይ 21 ሰው የገደለ ሌላ ፍንዳታ ተከተለ። ሕዝቡ ደሙ ፈላ። ፓርላማው በቀናት ውስጥ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ፤ ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠርት እስከ ሰባት ቀን እንዲያቆይ ተፈቀደለት። በዚያ ሰሞን ጄሪ ኮንሎን የሚባል የቤልፋስት ወጣትና ሦስት ሌሎች ተያዙ። በምርመራ ላይ አመኑ ተባለ። ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ልጁን ሊረዳ ከቤልፋስት የመጣው አባቱ ጁሴፔም ታሰረ፤ በ1980 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። አራቱ በ1989 ነጻ ናችሁ ተብለው ወጡ። 15 ዓመት!

ፊልሙ የጨመረው ነገር አለ። አባትና ልጅን ዘወትር በአንድ ክፍል አስሮ ያሳያል፤ በእውነቱ እንደዚያ አልነበረም። የጄሪን ሴት ጠበቃም ችሎት ላይ እንድትከራከር ያደርጋታል፤ እሷ ግን ጉዳዩን የምታዘጋጅ እንጂ ችሎት የምትከራከር ጠበቃ አልነበረችም። ይህን እወቀው። የምርመራውን ክፍል ግን አተኩረህ እይ። ጄሪን ዳንኤል ዴይ-ሉዊስ ነው የሚጫወተው። ልጁ መጀመሪያ ይስቃል፣ ይቀልዳል። ሰዓቱ ይረዝማል። እንቅልፍ የለም። መጨረሻ ላይ አባቱን እንደሚገድሉበት አንዱ በጆሮው ሹክ ሲለው እስክሪብቶውን ያነሣል። አንተም ሶፋ ላይ ተቀምጠህ «እኔም እፈርም ነበር» ትላለህ። ስለ ግርፋት መቶ ሪፖርት ብታነብ ይህን አያሰኝህም።

ያው ፊልም ሌላ ነገር ያሳያል። እስር ቤት ውስጥ አንድ እውነተኛ የጦሩ አባል ይመጣል። ቦምቡን እኛ ነን ያፈነዳነው ይላል። ጄሪ መጀመሪያ ይማረክለታል፤ የተገፋ ሰው ኃይለኛ ሲያይ ደስ ይለዋል። እስረኞቹ ፊልም እያዩ ሳለ ግን ያ ሰው የእስር ቤቱን አለቃ በእሳት ያያይዘዋል። እሳቱን ሮጦ የሚያጠፋው ጄሪ ነው። በግፍ የታሰረው ሰው የጠባቂውን ሥጋ ከእሳት ያወጣል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያንን ሰው እንደ ጀግና ማየት አይችልም። ጥያቄህ ሙሉ በሙሉ እዚህ ትዕይንት ውስጥ አለ።

ይህ ታሪክ ለኛ ሩቅ አይደለም። እኛም የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ነበረን። የሽብር አደጋ እውነት ነበር፤ አዋጁ ግን ጋዜጠኛውንም ብሎገሩንም ፖለቲከኛውንም ጠርጎ ማዕከላዊ አስገባ። በሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው፣ ሰውን መግረፍና ጨለማ ቤት ማስቀመጥ የእኛ የሽብር ሥራ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። በ2012 አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተካ። ከዚያም አስቀድሞ አባቶቻችን ቀይ ሽብርን አይተዋል፤ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የሰማዕታት ሙዚየም ሄደህ ካላየኸው እየው፣ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። እንግዲህ «አሸባሪ» ተብሎ የታሰረውም ሰው፣ በአሸባሪ የተገደለውም ሰው በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚወጣ የሚወርድ ጎረቤት አለው። አንዱን ስታይ ሌላውን እንዳትረሳ የሚያደርግ ፊልም ብርቅ ነው፤ ሲገኝ መያዝ ነው።

ሦስተኛ ጥያቄህ በኮሚናል ስለ ማሳየት ነበር። አሳየው፤ ደስ ይለኛል። ግን ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። የግርፋቱ ክፍል ከባድ ነው፤ ሰብታይትል ማንበብም ስላለበት ከሃይስኩል በታች ያሉት ይሰለቻሉ። ለብሎኩ ኮሚቴ ቀድመህ ንገር፤ ሽብር የሚል ቃል ያለበት ፊልም ድንገት ቢሰሙ ሰዎች ይደነግጣሉ። ከመጀመርህ በፊት አልጄሪያ የት እንደሆነችና ፈረንሳይ እዚያ ስንት ዓመት እንደቆየች፣ 132 ዓመት ነው፣ በሁለት ደቂቃ ንገራቸው። ስለ ያሴፍ ሳዲ ግን በፊት አትንገራቸው፤ ካበቃ በኋላ ንገራቸው፤ ያኔ ክርክሩ ይጦፋል። እህትህን ጋብዛት፤ የተቆጣችበትን ምክንያት ተነሥታ ትናገር። የማይስማማ ሰው የሌለበት ውይይት ቶሎ ይሞታል።

መብራቱን ግን አስብበት። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው። የአራብሳ መብራት እንዴት እንደሆነ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሴቶቹ ኬላውን አልፈው ካፌው ሳይገቡ መብራት ከሄደ ልጆቹ ያን ጭብጨባ ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። ጄኔሬተር የሚያውስህ ሰው ፈልግ። ካልተገኘ ቅዳሜ ቀን በላፕቶፕ ባትሪ፣ አምስት ስድስት ሆናችሁ እዩት። ከተቋረጠም በሌላ ቀን ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ።